የአባ ጅፋር ደጋፊዎች ዊኪ፦ በምን እንሥራው? ረቂቁን እዚሁ እናስተካክል

የሂርማታው፦

ሰላም ጀመዓ። ባለፈው ቡና ላይ ስለ ኳስ ክለባችን ስለ ጅማ አባ ጅፋር ዊኪ፣ ሁላችንም ስለምንጽፍበት ድረ ገጽ፣ ያወራነውን በጽሑፍ አምጣ ስላላችሁኝ ይኸው። ነገሩ የተነሳው ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያለን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ተበትኗል፤ ፎቶው፣ አሰላለፉ፣ ክርክሩ። በቀደም አንዱ "በ2010 ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነን በግብ ልዩነት ነው ዋንጫ የወሰድነው" ብሎ ሲጽፍ ሌላው "በነጥብ በልጠን ነው" ብሎ ድርቅ አለ። የመጀመሪያው ልክ ነው። ግን ሰንጠረዡን አውጥተን ለማሳየት ወደ ላይ ስንጎትት፣ ስንጎትት አመሸን። በመጨረሻ የተገኘውም ግማሹ የተቆረጠ ስክሪንሾት ነው።

የኔ ሐሳብ ሚዲያዊኪ ነው። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር ማለት ነው። ነፃ ነው። ሰርቨር ተከራይተን እኔ እጭነዋለሁ። ማን ይቃወማል?

የኮቺዋ፦

እኔ እቃወማለሁ። አንተ ጫንከው እንበል፤ ነገ አዲስ አበባ ሥራ ብታገኝስ? የድሮውን የፌስቡክ ገጻችንን ረሳኸው እንዴ! አንድ ልጅ ብቻ ነበር የሚከፍተው፤ ስልክ ቁጥሩን ቀየረና ገጹም ከነፎቶው ሄደ። ፋንደም የሚባለው የዊኪ ድረ ገጽ ላይ በነፃ እንክፈትና እንገላገል።

የሂርማታው፦

የፌስቡኩን አትንኪብኝ፣ ገና አልሻረልኝም። ፋንደምን ግን አየሁት። ማስታወቂያው ብዙ ነው። አብዛኛው ሰዋችን የሚያነበው በስልክ፣ በሚቆጠር ዳታ ነው፤ አንድ የጨዋታ ውጤት ለማየት ስንት ማስታወቂያ ይጫንበት? ሌላ ጣጣም አለው። ጽሑፉን ቀድተሽ ወደ ሌላ ቦታ ብትወጪ አሮጌው ዊኪ እዛው ይቀራል። ሰው ጎግል ሲያደርግ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው። ብዙ የጌም ማኅበረሰቦች በዚህ ተቸግረዋል።

የፈረንጅ አራዳው፦

ዶኩዊኪስ? እሱም ነፃ የዊኪ ሶፍትዌር ነው፤ ዳታቤዝ አይፈልግም። እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ባክአፕ ማለት ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው፣ አለቀ። እኔ ራሱ እችለዋለሁ።

የሂርማታው፦

እውነቴን ነው፣ እሱን ስሰማ ልቤ ወደዛ አዘንብሎ ነበር። ቅዳሜ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት። "ጅማ አባ ጅፋር ከአል አህሊ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ያደረገው የመልስ ጨዋታ" የሚል ገጽ ልክፈት ስል እምቢ አለ። ለምን መሰላችሁ? እንዳለ ስትጭኑት የፋይሉን ስም በኮድ ቀይሮ ነው የሚያስቀምጠው። አንዷ "ጅ" ብቻዋን ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። የፋይል ስም ደግሞ ከ255 አያልፍም፤ ስለዚህ 28 ፊደል እንኳ ሳይሞላ ቆመ። እኛ ደግሞ አጭር ርዕስ አናውቅም። አንድ ሴቲንግ ስቀይር ግን ተስተካከለ፣ ስለዚህ ይሄ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ሚዲያዊኪም ቢሆን ወሰን አለው፣ 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 85 ፊደል ገደማ ይደርሳል። ለኛ ይበቃል።

እኔን ወደ ሚዲያዊኪ የመለሰኝ ሌላ ነው። "አባ ጅፋር" የሚል አለ፣ "አባ ጂፋር" የሚል አለ፣ ገጥሞ "አባጅፋር" የሚልም አለ። በሀ፣ በሐ፣ በኀ የሚመጣውን ጨምሩበት። ሚዲያዊኪ ላይ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ መጠቆሚያ መሥራት ይቻላል፤ ሰው እንዳመጣለት ጽፎ ያገኘዋል። ዶኩዊኪ ይህን ከራሱ ጋር ይዞ አይመጣም፣ ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል። የውድድር ሰንጠረዥም እንደዛው ነው፤ ሚዲያዊኪ ላይ አንድ ጊዜ ቅጹን ሠርተን በየገጹ እንጠራዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ ሰርቨሩ በምን ይከፈላል? ውጭ አገር ከሆነ ዶላር ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ የዶላር ካርድ የለውም። ቤትህ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጣለሁ እንዳትለኝ ብቻ። መብራት በሄደ ቁጥር ዊኪው አብሮ ሊጠፋ ነው።

የኮቺዋ፦

ታዲያ ሚራሄዝስ? ዊኪ የሚያኖር ድረ ገጽ ነው፤ ውስጡ ያው ሚዲያዊኪ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ በመዋጮ ነው የሚኖረው። ስንፈልግ ሙሉውን በፋይል አውርደን እንወጣለን። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ለረጅም ጊዜ ማንም ካልጻፈበት ይዘጉታል። ክረምት ላይ ኳስ ሲቆም እኛም አብረን እንዳንተኛ።

የሂርማታው፦

አሸነፍሽኝ። ረቂቁ ላይ "ሰርቨር እንከራይ" ያልኩትን ሰረዝኩ። ሚዲያዊኪ፣ ሚራሄዝ ላይ። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ይሁን፤ እኔ፣ አንቺና ገንዘብ ያዣችን። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ አንዳችን ኮፒውን አውርደን ፍላሽ ላይ እናስቀምጥ፣ ፍላሹም እኔ ቤት አይቀመጥ።

የፈረንጅ አራዳው፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ስፓሙን አስቡበት። ክፍት ዊኪ ከሆነ በሳምንቱ የመድኃኒት ማስታወቂያ ይሞላዋል። የራሳችንን ጥያቄ የሚጠይቅ ካፕቻ (ሰው መሆንን ማረጋገጫ) እንጠቀም፦ "የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የት ሰፈር ነው?" ሮቦት ከየት ያውቃል። ብቻ "ጅሬን"ም "ጂሬን"ም ልክ ተብሎ እንዲያዝ አድርጉት፤ ካልሆነ የራሳችንን ሰው በር ላይ እናስቀራለን።

የኮቺዋ፦

ዓመተ ምህረቱንም ዛሬውኑ እንወስን። 2010 ስንል የፈረንጁ 2017-18 ነው። አንዱ በኛ፣ አንዱ በነሱ ከጻፈ አንድ ዋንጫ ሁለት ይሆናል። ርዕሱ በኛ ይሁን፣ የነሱ ከጎኑ በቅንፍ። ደግሞ አባ ቡናና አባ ጅፋር ሁለት የተለያዩ ክለቦች መሆናቸውን የሚለይ ገጽ ከፊት ይቀመጥ። የውጭ ሰው ሁሌ ነው የሚቀላቅላቸው፣ እኔ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

የጅሬኑ ጋሼ፦

ልጆቼ፣ የኮምፒውተሩን ነገር ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አፋን ኦሮሞውስ? ግማሹ ደጋፊ በቁቤ ነው የሚጽፈው። ሌላው፣ እኔ ጋ የ2010 ደብተር አለ። እያንዳንዱ ጨዋታ አሰላለፉ ተጽፎበታል፣ ያገባው በቀይ እስክሪብቶ። ኦኪኪ አፎላቢ ያገባበት ላይ ኮከብ አድርጌበታለሁ። ኮከቡ በዛና ኋላ ላይ ኅዳጉ አልበቃኝም።

የሂርማታው፦

ጋሼ! እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም? ሰውየው እኮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነው የሆነው፤ እርስዎ ግቦቹን ቆጥረው አስቀምጠውልን እኛ ስክሪንሾት ስንፈልግ እንከርማለን። ቋንቋውን ረቂቁ ላይ አስገብቻለሁ፦ ለእያንዳንዱ ዋና ገጽ የአፋን ኦሮሞ ገጽ፣ ከላይ አገናኝ ያለው። ተርጓሚ ግን ያስፈልገናል፣ እጅ አውጡ።

የጅሬኑ ጋሼ፦

ማን ጠየቀኝ? ደብተሩን ለማንም አላውስም፣ አንድ ጊዜ አውሼ ሽፋኑ ቡና ፈሶበት ነው የተመለሰልኝ። መጥታችሁ ፎቶ አንሱት።

ገንዘብ ያዥ፦

እኔ ቁቤውን እችላለሁ፣ ጻፉኝ። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ጋሼ ቤት ይመቻል? የተቃወመ ከሌለ ረቂቁ አልፏል።

የኮቺዋ፦

ይመቻል። በረንዳው ላይ በፀሐይ ብርሃን እናንሳው፣ ፍላሽ ካበራን ወረቀቱ ያብረቀርቃል። ጋሼ፣ ቡናውን እርስዎ፣ ቆሎውን እኛ። ቡናው ግን ከደብተሩ ይራቅ።