የቬራክሪፕት ፋይሌ ይከፈታል፣ ዊንዶውስ ግን «ፎርማት ይደረግ» ይለኛል

ሰላም ወገኖች። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ 50 ጊጋባይት የሚሆን የቬራክሪፕት (መረጃን በፓስወርድ የሚቆልፍ ፕሮግራም) ፋይል አለኝ፤ ውስጡ ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ሥርዓት)፣ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከአረጋውያን የቀዳሁት ቃለ መጠይቅ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ቃል ስለገባሁላቸው ነው የቆለፍኩት።

ፋይሉ እንደ ድራይቭ ተከፍቶ ወደ ውስጡ ሌላ ፋይል እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፓስወርዱን ሳስገባ «ፓስወርዱ ተሳስቷል ወይም የቬራክሪፕት ፋይል አይደለም» ይላል። በማውንት (ፋይሉን እንደ ድራይቭ የመክፈቻ) አማራጮች ውስጥ ገብቼ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለውን መጠባበቂያ ሄደር (ለመክፈት የሚያስፈልገው ቁልፍ ያለበት ክፍል) እንዲጠቀም ሳዘው ግን ይከፈታል። ስለዚህ ፓስወርዱ ልክ ነው፤ የተጎዳው የፊተኛው ሄደር ነው።

ከተከፈተ በኋላ ግን ዊንዶውስ ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም ይላል። የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ ቼክዲስክም ፋይል ሲስተሙ «ሮው» (የማይታወቅ ዓይነት) ነው ብሎ ይቆማል። የፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ያለው ሁሉ አብሮ የተበላሸ ይመስለኛል። ፎርማቱን አልነካሁትም፤ ሙሉውን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ የምሞክረው ቅጂው ላይ ብቻ ነው።

ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፦ በተከፈተው ድራይቭ ላይ በቴስትዲስክ (የተበላሸ ዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም) የኤንቲኤፍኤሱን ቡት ሴክተር (ስለ ድራይቩ አደረጃጀት የሚናገረውን የመጀመሪያ ክፍል) ከድራይቩ መጨረሻ ላይ ካለው ቅጂ ልመልስ፣ ወይስ ምንም ሳልጽፍበት አስቀድሜ ድምፆቹን በፋይል ማዳኛ ፕሮግራም ላውጣ?