ለአዲስ የአደን ጠመንጃ የትኛውን የዒላማ መነጽርና የትኛውን ጥይት ትመክሩኛላችሁ? (ኮሎራዶ)

የአውሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። 6.5 ክሪድሞር የተባለውን ጥይት የሚተኩስ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት ጠመንጃ ገዝቼ፣ መነጽር ስላልገጠምኩለት እስካሁን ከነሣጥኑ ተቀምጧል። በመጪው ወቅት እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘን፣ የፈቃዱ ዕጣ ከወጣልኝ ደግሞ ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዘመድ) ለማደን አስቤአለሁ፤ ከ300 ያርድ (274 ሜትር ገደማ) በላይ የመተኮስ ሐሳብ የለኝም። ልቤ የተከፈለው በሊዩፖልድ ቪኤክስ-3 ኤችዲ፣ በቮርቴክስ ዳያመንድባክና በስዋሮቭስኪ ዜድ3 መካከል ሲሆን፣ የዋጋ ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ጥይቱን ከመጀመሪያው ራሴ በቤቴ ብሞላ ይሻለኛል ወይስ የፋብሪካውን ልግዛ የሚል ነው። በዴንቨር ዙሪያ መነጽር በትክክል የሚያስር ሱቅ የምታውቁ ካላችሁም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ቀልሃ ለቃሚ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። መነጽር ስትመርጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው “ስንት እጥፍ ያቀርባል?” የሚለውን ነው፤ በአንተ ርቀት ግን ከዚያ ይልቅ የሚያስፈልግህ ብርሃንና ክብደት ነው። የፊተኛው መስታወት ስፋት በማጉያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዓይንህ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ይሰጥሃል። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩን መነጽር በ4 እጥፍ ብትይዘው 10 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ፤ በ10 እጥፍ ብትይዘው ግን 4 ብቻ ይቀርሃል። የሰው ዓይን በጨለማ የሚከፈተው በወጣትነት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ እያነሰ ይሄዳል። እዚህ ኮሎራዶ አጋዘንና ኤልክ ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ስለሆነ፣ አውሬው የሚወጣው ትልቅ ቁጥር በማይጠቅምህ ሰዓት ነው ማለት ነው። ጠመንጃህ ቀላል ነውና በላዩ ከባድ መነጽር አትጫንበት። ከጠራኻቸው ሦስቱ ለእኔ የሚስማማው 3.5-10 በ40 የሆነው (ከ3.5 እስከ 10 እጥፍ የሚያቀርበው፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው) ሊዩፖልድ ነው። ስዋሮቭስኪው በምሽት ብርሃን እንደሚበልጠው አልክድም፤ ትርፉን ገንዘብ ለመለማመጃ ጥይት ብታውለው ግን የበለጠ ትጠቀማለህ ባይ ነኝ።

ባዶ እጁን የተመለሰው፦
ስለ መነጽሩ ከመጨነቅህ በፊት ማን እንደሚያስርልህ ተጨነቅ። እኔ ስሙን የማልጠራው አንድ የዴንቨር አካባቢ ሱቅ መነጽሩን ጠመንጃው ላይ ከሚይዘው ቀለበት ጋር ሸጦልኝ፣ “አስረን፣ ዜሮ አድርገን ሰጥተንሃል” ብሎ አስረከበኝ፤ ጥይቱ መነጽሩ ባሳየው ቦታ እንዲያርፍ አስተካክለናል ማለታቸው ነው። ተራራ ላይ፣ 180 ያርድ በማይሞላ ርቀት፣ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ወንድ ኤልክ ላይ ተኩሼ ሳትኩት፤ ደግሜ ተኮስኩ፣ ደግሜ ሳትኩት፤ እርሱም አንገቱን ቀና አድርጎ አይቶኝ ወደ ዛፉ ገባ። ተመልሼ በመለማመጃ ሜዳ ስፈትሸው ከአንዱ ጥይት እስከ ሌላው የአንድ ጫማ ያህል ልዩነት ነበረው። የቀለበቱ ብሎኖች በጣት የሚዞሩ ነበሩ። ሱቁ ደውዬ ስነግራቸው “ጥለኸው ይሆናል” አሉኝ። የዕጣውን፣ የነዳጁንና የእረፍት ቀኖቼን ኪሣራ ማን ይክፈለኝ?

የድሮ ደንበኛ፦
እኔ ለዓመታት የምገዛበት ሱቅ አለ፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ባለቤቱ በስሜ ይጠራኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ሌላ ቦታ አትሂድ።

ባዶ እጁን የተመለሰው፦
በር ላይ የተሰቀለ የድብ ራስ ያለበት ሱቅ ከሆነ፣ እኔም የምናገረው ስለዚያው ነው።

የድሮ ደንበኛ፦
የድብ ራስ አለው። ሆኖም እነዚያ ሰዎች ብሎን ሳያጠብቁ መነጽር ይሰጣሉ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ምናልባት በመኪናህ ኋላ ሲንገላታ ላልቶ ይሆናል፤ ወይም በዚያ ቀን አዲስ ሠራተኛ ነበረ ይሆናል። የእኔንም ከሁለት ወቅት በኋላ ራሴ አጥብቄዋለሁ፤ ይህ በማንም ሱቅ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ወይዘሮ ዒላማ፦
ስለዚህ የእርስዎም ላልቷል፣ የእርሱም ላልቷል፣ ሱቁ ግን እንከን የለውም! የሱቁ ባለቤት ክርስትና አንሥቶዎት ነው ወይስ ዝምድናው ሌላ ነው? ጠያቂውም ቢሆን፣ እስካሁን አንዲት ጥይት ያልተኮሰበትን ጠመንጃ ይዞ ባሩድ ለመመዘን መቸኮሉ ገርሞኛል።

የድሮ ደንበኛ፦
እኅቴ፣ መልካም አገልግሎትን ማመስገን ነውር አይደለም።

ቀልሃ ለቃሚ፦
ጥፋተኛውን መፈለጉን ትተን ጠያቂውን ብንረዳ ይሻላል። ቲካ በሰውነቱ ላይ የተቀረጸ የራሱ ሐዲድ ስላለው፣ ለእርሱ የተሠራ ቀለበት ከገዛህ ተጨማሪ መቀመጫ ሳያስፈልግህ በቀጥታ ታስራለህ፤ የሚላላ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚያሳስብህ ያንሳል። ኃይል የሚለካ ትንሽ መፍቻ ግዛ። የቀለበት የላይኛው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ይጠብቃል፤ የአንተን ትክክለኛ ልክ ግን የቀለበቱና የመነጽሩ አምራች ከጻፉት ወረቀት ውሰድ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ቱቦውን ይጨፈልቀዋልና። ከማጥበቅህ በፊት በአደን ቀን የምትለብሰውን ወፍራም ልብስ ለብሰህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አንሣና፣ ምስሉ ሙሉ ሆኖ እስኪታይህ ድረስ መነጽሩን ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው፤ በስስ ሸሚዝ የተለካ መነጽር በኅዳር ካፖርት ከዓይንህ ይርቅና ምስሉን ጎዶሎ ያሳይሃል። መስቀለኛ መስመሩ እንዳላዘነበለ አይተህ፣ ብሎኖቹን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። ሲያልቅ በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በቀለበቱ ላይ የምታልፍ ቀጭን የቀለም መስመር አኑር። መስመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል ማለት ስለሆነ፣ ተራራ ላይ ሆነህ በዓይንህ ብቻ ታውቀዋለህ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ብወጣ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው የአደን ጠመንጃ መግዛት ይችላል?

ወይዘሮ ዒላማ፦
ይችላል። ቋሚ ነዋሪ እንደ ዜጋው ሁሉ 4473 የተባለውን የጠመንጃ መግዣ ቅጽ ሞልቶ፣ የነዋሪነት ቁጥሩን ጽፎ፣ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያውን አልፎ ይገዛል። ጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ከሚታወቁት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው በመርሕ ደረጃ የአደን ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም፤ እርሱን አስቀድመው ይጨርሱ።

ጋሽ ምንሽር፦
ልጄ፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን ሁሉም ረሳው። ጥይት በቤት መሙላት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እኔም ክረምቱን የማሳልፈው በእርሱ ነው። ገንዘብ እቆጥባለሁ ብለህ ከሆነ ግን ፕሬሱ (መጫኛው)፣ ዳዩ (የቀልሃ ቅርጽ ማውጫው)፣ ሚዛኑ፣ መለኪያውና የቀልሃ መቁረጫው ሲደመሩ በዓመት ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ዕዳው ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓይነት የፋብሪካ ጥይት ገዝተህ የትኛውን ጠመንጃህ እንደሚወድ እወቅ፤ ቀልሃውንም አትጣል። ሆርናዲ ባለ 143 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ኢኤልዲ-ኤክስ የተባለ አረር የጫነው የፋብሪካ ጥይት፣ በ200 ያርድ ዜሮ ብታደርገው በ300 ያርድ 8 ኢንች ያህል ይወርዳል፤ ለአንተ ርቀት የመነጽሩን የከፍታ ማስተካከያ ቁልፍ መነካካትም አያስፈልግህም። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬይን የሚመዝን፣ ሲመታ የሚሰፋ አረርና በ100 ያርድ 1,000 ጫማ ፓውንድ የምት ኃይል ይጠይቃል፤ ይህኛው በዚያ ርቀት ከ2,000 ዝቅ አይልም።

መሙላት ስትጀምር በዚህ የጥይት ዓይነት ብዙ ሰው የሚመርጠው ባሩድ ኤች 4350 ነው። ምክንያቱም ሙቀትና ብርድ ሲለዋወጥ ፍጥነቱ ብዙ አይናወጥም፤ አንተም የምትለማመደው በነሐሴ ሐሩር፣ የምታድነው በኅዳር ውርጭ ነው። ልኩን ግን ከእኔም ሆነ እዚህ ከሚጽፍ ከማንም ሰው አትውሰድ። የባሩዱ ወይም የአረሩ አምራች ያሳተመውን ሠንጠረዥ ይዘህ፣ ከዝቅተኛው ጀምረህ ጥቂት በጥቂት ውጣ፤ ፕራይመሩ (የቀልሃው መቀጣጠያ) ተጨፍልቆ ካየህ ወይም ቦልቱ (የጠመንጃው መቀርቀሪያ) ለመከፈት ካስቸገረህ አቁም። ባሩድ እንደ በርበሬ በግምት አይጨመርም። አንድ ሌላ ነገር፣ የሆርናዲ ቀልሃ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ፕራይመር፣ የላፑዋ ቀልሃ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን ነው የሚወስደው፤ ሁለቱን ለይተህ ሳታይ ፕራይመር ገዝተህ እንዳትመጣ።

የሎስ አንጀለሱ፦
እኛ ጋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን ሙሉ በሙሉ ስለተከለከለ፣ ሁሉም የሚጠቀመው የመዳብ አረር ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ እኩል ክብደት ያለው አረር ይረዝማል፤ በርሜሉ በደንብ ካላሽከረከረው ደግሞ ረጅም አረር ይወላገዳል። በ8 ኢንች አንድ ዙር የሚዞረው የክሪድሞር በርሜል ግን ችግር የለበትም። ሥጋውን ለቤተሰብ የምታበላ ከሆነ ኮሎራዶም ሆነህ አስብበት፤ እርሳስ ሲበታተን ቅንጣቱ ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

የድሮ ደንበኛ፦
የመዳብ አረርም እኔ የምሄድበት ሱቅ ሞልቷል።

ባዶ እጁን የተመለሰው፦
ብሎን ማጥበቂያም ሞልቷል፤ ሲጠቀሙበት ግን አላየሁም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ሥጋው ከተነሣ ዘንድ፣ የጠመንጃው ወቅት የሚጀምረው በጽጌ ጾም ውስጥ አይደለም እንዴ? ጾሙ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል።

ጋሽ ምንሽር፦
ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾም ሰውም ቢሆን ማደን አልተከለከለም፣ ሥጋው በረዶ ቤት ይጠብቀዋል። ለማንኛውም ኤልኩ ገና ተራራው ላይ ነው፤ እኛ ግን በላም አለኝ በሰማይ ማቀዝቀዣ እየመረጥን ነው። ልጁ መጀመሪያ መነጽሩን ይሰር።

ቀልሃ ለቃሚ፦
ካሰረ በኋላም ዴንቨር ላይ ዜሮ አድርጎ እንዳያበቃ። ኤልክ ወደሚገኝበት 9,000 ወይም 10,000 ጫማ ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ የሚወርደው በመጠኑ ያነሰ ነው። በ300 ያርድ ልዩነቱ እምብዛም ነው፤ መንገዱ ግን መኪናውን ስለሚያንገላታ፣ ሰፈሩ ሲደርስ በሚፈቀድ ቦታ አንድ ሁለት ጥይት ተኩሶ ማረጋገጡ አይከፋም።

የአውሮራው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ በተለይ ስለ ፕራይመሩ የነገሩኝ ባይኖር ኖሮ ከሰርኩ ነበር። ምክራችሁን ደጋግሜ አንብቤ መነጽሩን ወስኛለሁ፣ አዝዣለሁም። አሁን ደግሞ የቀረኝ በአንገት የሚንጠለጠለው ባይኖኩላር ነው፤ 8 በ42 ይሻላል ወይስ 10 በ42?

የድሮ ደንበኛ፦
አድራሻውን ልኬልሃለሁ። ሁለቱንም አስይዘው በሩ ላይ ሆነህ እንድትሞክር ይፈቅዱልሃል።

ወይዘሮ ዒላማ፦
ባይኖኩላር ብሎን ስለሌለው፣ እዚያም ቢገዙት ግድ የለም።