ደምን ከአጥንት ጋር በአንድ ምድብ ያስቀመጠው ምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ስለ አገናኝ ሕብረ ሕዋስ (አጥንት፣ ካርቲሌጅ፣ ጅማትና ደም ስለሚመደቡበት የሕብረ ሕዋስ ዓይነት) ለክፍል ጓደኞቼ በአማርኛ እንዳስረዳ ተመድቤ ሁለት ነገሮች አላላውስ ብለውኛል።

አንዱ ደም ነው። በዚህ ምድብ ሕዋሳቱ ተራርቀው እንደሚቀመጡና በመካከላቸው ያለውን ክርና መደብ (ክሩና ሕዋሳቱ የተቀመጡበትን ቁስ) በአብዛኛው ራሳቸው እንደሚያመነጩት፣ መደቡም በአጥንት ውስጥ በካልሲየምና በፎስፌት እንደሚጠነክር፣ በካርቲሌጅ (እንደ ጆሮ ባለው ተጣጣፊ ክፍል) ግን ብዙ ውኃ ይዞ ጫናን እንደሚያለዝብ ተረድቻለሁ። የደም ፕላዝማ (ሕዋሳቱ የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ) ግን ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ሲሆን፣ አብዛኞቹን ፕሮቲኖቹን የሚሠራው ጉበት እንጂ የደም ሕዋሳት አይደሉም። ታዲያ ደምን እዚህ ያስገባው ከሜሶደርም (ከፅንሱ መካከለኛ ንብርብር) መገኘቱ ነው፣ ወይስ ሲረጋ ፋይብሪኖጅን የተባለው የፕላዝማ ፕሮቲን ወደ ክርነት መለወጡ? ጡንቻም እኮ በአብዛኛው ከሜሶደርም ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ብቻውን አላረካኝም።

ሌላው የስያሜ ጉዳይ ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ሆነ አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስረውን በተለምዶ «ጅማት» እንላለን (ወጌሻ «ጅማቱ ዞሯል» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም)። «ቴንደን» እና «ሊጋመንት» ብዬ ልተዋቸው ወይስ «የጡንቻ ጅማት» እና «የመገጣጠሚያ ጅማት» ብል ያስኬዳል? ይህን ትምህርት በአማርኛ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደለያችኋቸው ብትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።