በሲአይኤፍ ገዝቼ የወደብ ክፍያ ተጠየቅኩ፤ የማን ነው?

የማሽን መለዋወጫ ከውጭ በሲአይኤፍ (ሻጩ እስከ መድረሻ ወደብ ማጓጓዣና መድን በሚከፍልበት የሽያጭ ዓይነት) ገዝቻለሁ። ውሉ ላይ ኢንኮተርምስ 2020 (የሻጭንና የገዢን ግዴታ የሚለየው ዓለም አቀፍ የንግድ ደንብ) ተብሎ ተጽፏል። ዕቃው 4 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር በአንድ ኮንቴይነር ነው የመጣው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ «ፍሬይት ፕሪፔድ» (የማጓጓዣው ክፍያ አስቀድሞ ተከፍሏል) የሚል ማህተም አለ።

ወደብ ሲደርስ ግን የጭነት አስተላላፊው ድርጅት የክፍያ ዝርዝር ላከልኝ፦ የተርሚናል አገልግሎት፣ ከኮንቴይነር አውጥቶ መለየት፣ የዴሊቨሪ ኦርደር (የዕቃ መልቀቂያ ትዕዛዝ)። ሻጩን ስጠይቀው «የመርከቡን ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ሌላው ያንተ ነው» አለኝ። አስተላላፊው ደግሞ ካልተከፈለ ዕቃው አይለቀቅም ይላል።

ደንቡን አነበብኩት። በሲአይኤፍ ሻጩ እስከ መድረሻ ወደብ ድረስ ማጓጓዣውንና መድኑን ይከፍላል። የማራገፊያው ወጪ ግን ሻጩ ከአጓጓዡ ጋር በገባው ውል በእሱ ላይ ካልተጣለ በቀር የገዢው ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ያንን ውል አላየሁትም። ከክፍያ ነጻ የሆነው የማቆያ ጊዜ ሊያልቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። መክፈል ካለብኝ እከፍላለሁ፤ የምሰጋው አንዴ የተከፈለውን ደግሜ እንዳልከፍል ነው።

ሻጩ የተርሚናሉን ክፍያ አስቀድሞ ከፍሎ እንደሆነ ለማረጋገጥ ከእሱ የትኛውን ሰነድ ልጠይቅ?