ዲናሞው ያጓራል፣ ውሃ የለም! ነገ ክርስትና አለብን

የሱሉልታው (ማታ 12:40)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። የጉድጓዳችን ዲናሞ ከትናንት ጀምሮ ያጓራል እንጂ ጠብታ ውሃ አያወጣም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አላስቸገረም። ላዩ ላይ መሳብ 8 ሜትር ይላል። የእኛ ውሃ 6 ሜትር ላይ ነው፣ ራሴ ለክቻለሁ። ነገ የልጄ ክርስትና ነው፣ ሮቶው ባዶ ነው። ተቃጥሎ ይሆን?

ቧንቧው
ፉት ቫልቩን እየው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘውን። ቆሻሻ ይዞ ከሆነ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ቱቦውን ውሃ ሙላና አስነሳው።

ማሚቱ
ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልን።

የሱሉልታው
አሜን እህቴ። ሞልቼ ሞክሬያለሁ፣ የሞላሁት አይወርድም። ቫልቩ ደህና ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ዲናሞ ውሃ አይስብም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፣ ከዚያ ውጭ ያለው አየር የጉድጓዱን ውሃ ተጭኖ ወደ ላይ ይገፋዋል። ገፊው አየሩ ነው። ባሕር ወለል ላይ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ነው የሚገፋው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ ምክንያቱን ያስረዳው በሜርኩሪ ነው። ሱሉልታ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከላያችሁ ያለው አየር ያነሰ ነው፣ ግፊቱም ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ገደቡ 7.5 ሜትር አካባቢ ነው፣ ያውም እንከን ለሌለው ዲናሞ። ያ 8 ሜትር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። እዚያ 5 ሜትር ካገኘህ ተመስገን በል።

ካላመናችሁ ሱሉልታ ላይ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑና በጎጃም መንገድ ዓባይ በረሃ ውረዱ። ተጨማዶ ታገኙታላችሁ።

ቧንቧው
ለማንኛውም ፉት ቫልቩን ይቀይረው።

የለገጣፎ ልጅ
ጋሼ፣ ይቅርታዎንና አልተዋጠልኝም። ክረምት ላይስ ለምን ሠራ? ሱሉልታ ክረምት ክረምት ወደ ታች ትወርዳለች እንዴ? 😂

ጡረተኛው መምህር
ሱሉልታ አትወርድም፣ የጉድጓዱ ውሃ ነው ክረምት ላይ የሚወጣው። አሁን በጋ ነው፣ ሸሽቷል። ለመሆኑ ልጄ፣ 6 ሜትሩን በምን ለካኸው?

የሱሉልታው
ድንጋይ በገመድ አስሬ ውሃው እስኪነካ ለቀቅኩት። ገመዱ ስላጠረኝ ጫፉ ላይ 2 ሜትር ከመነዳሪ ቀጥያለሁ። ካወጣሁ በኋላ መሬት ላይ ዘርግቼ በሜትር ስለካው ልክ 6።

የለገጣፎ ልጅ
በከመነዳሪ?! 😂😂 እንዲህ ከሆነማ ቁመቴንም አንተ ለካልኝ።

ጡረተኛው መምህር
አትሳቁ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ድንጋዩ ሲጎትተው ተለጥጧል፣ መሬት ላይ ስትዘረጋው ደግሞ ተሰብስቧል። የለካኸው የተሰበሰበውን ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1678 እንዳሳተመው፣ የሚጎትተው ክብደት እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል። ጎማ ይህን ሕግ በትክክል አይከተልም፣ ብቻ ከናይለን ገመድ እጅግ አብልጦ ይለጠጣል። ያንኑ ድንጋይ አንጠልጥልበትና ተንጠልጥሎ እያለ ለካው።

ማሚቱ
ጋሼ፣ ባቄላችን አልበስል የሚለውም በዚሁ አየር ነው?

ጡረተኛው መምህር
አዎ። እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ነው። ድስቱን ክደኚ።

የሱሉልታው (ማታ 1:50)
ባሕር ዛፉ ላይ አንጠለጠልኩት። 2 ሜትር የነበረው 3 ሜትር ከ10 ሆኗል። ጉድ!

ጡረተኛው መምህር
እንግዲያው ውሃህ ያለው 7 ሜትር ከ10 ላይ ነው። ዲናሞህ ምንም አልሆነም። አየሩ ነው የማይደርስበት።

ቧንቧው
እኔ አሁንም ፉት ቫልቩን ነው የምጠረጥረው።

የሰንዳፋዋ
ወንድሜ፣ እኛም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሆነን ነበር። አሁኑኑ ከሶኬት ንቀለው፣ ውሃ ሳያገኝ ሲዞር የሚቃጠለው ያኔ ነው። ለነገው በጊዜ ደውለህ የውሃ ቦቴ አስመጣ፣ ሌላ መላ የለውም። ከድግሱ በኋላ ሰብመርሲብል ግዛ። እሱ ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ከታች ስለሚገፋ የአየሩ ነገር አያሳስበውም። ዲናሞውን ጉድጓዱ ውስጥ መደርደሪያ ሠርተህ ዝቅ ብታደርገውም ይሠራል፣ እኛ 3 ሜትር አውርደነው ነበር። ግን ኤሌክትሪክና ውሃ ነው፣ በባለሙያ ይሁን። አንተ በምሽት እንዳትገባ! ጉድጓድ ውስጥ የታፈነ አየር ሰው ይገድላል።

የለገጣፎ ልጅ
ቱቦውስ? የኛ ለስላሳው ቱቦ ዲናሞው ሲነሳ ጥፍጥፍ ይላል።

የሰንዳፋዋ
እሱንም ውጭ ያለው አየር ነው የሚጨፈልቀው። ጠንካራውን ግዛ።

ማሚቱ (በማግስቱ፣ ከሰዓት 10:15)
ጠያቂው ጠፋ እኮ። ቦቴው መጣ?

የለገጣፎ ልጅ
እኛንስ ሳይጠራን? 7 ሜትሩን ያገኘንለት እኛ!

ቧንቧው
ፉት ቫልቩን ቀይሮት ይሆናል።