ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ ጀርመን ልሄድ ነው፤ ኑሮው ምን ይመስላል?

ቦሳ_ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ተመርቄ እዚሁ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ቬልትቬርትስ በሚባለው የጀርመን ፕሮግራም አመልክቼ፣ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል ተቀብለውኛል። የጀርመንኛውን የመጀመሪያ ደረጃ (ኤ1) ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ ቪዛው ነው።

መጠየቅ የፈለግኩት ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ኑሮው ነው። ሰው እዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርግ ይውላል? የኪስ ገንዘቡ ይበቃል? ብቸኝነቱስ እንዴት ነው? እናቴ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የሰው አገር ሽማግሌ ልትጦሪ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እኔ ደግሞ ከጅማ ወጥቼ ኖሬ አላውቅም፣ ዩኒቨርሲቲም እያለሁ ቅዳሜና እሁድ ቤት ነበርኩ፣ ስለዚህ ራሴን ችዬ መቆም መቻሌን ማየት እፈልጋለሁ። ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሳታሳምሩ ንገሩኝ።

የጅሬን_ልጅ

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! እኔም ደቡብ ጀርመን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ እንደዚሁ አረጋውያን ጋር ዓመት አሳልፌ ነው የተመለስኩት።

የጠዋት ፈረቃ ከሆንሽ በእኛ 12 ሰዓት ሥራ ላይ ነሽ። ትንሽ አሳልፎ መግባት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ከአዳሪ ሠራተኞቹ ጋር ርክክብ አለ፤ ማን አልተኛም፣ ማን አሞታል ይባላል። ከዚያ ቁርስ ነው። ዳቦ ትቀቢያለሽ፣ ቡና ትቀጃለሽ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን ታበያለሽ። ከቁርስ በኋላ ጋዜጣ ማንበብ፣ ካርታ መጫወት፣ በዊልቸር ይዞ መናፈሻ መውጣት አለ። ብዙውን ሰዓት የሚፈልጉት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሰው ነው። ቋንቋሽም የሚሻሻለው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም አንዱን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩሻል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ። ነርስ ብትሆኚም እዚያ የምትገቢው እንደ ነርስ አይደለም። መድኃኒት መስጠት፣ መርፌ መውጋት የአንቺ ሥራ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የወጣው የጀርመን የበጎ ፈቃድ ሕግ በጎ ፈቃደኛው ረዳት እንጂ የሠራተኛ ምትክ እንዳይሆን ነው የሚለው። ሰው ሲጎድልባቸው «አንቺ እኮ ትችያለሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። በትህትና እምቢ በይና ለአስተባባሪሽ ንገሪ።

አንድ አናጺ የነበሩ ሽማግሌ ነበሩን። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ካልቆለፉ ቁርስ አይቀምሱም። ጣታቸው ግን አይታዘዝላቸውም። ቁልፉን ይይዛሉ፣ ቀዳዳውን ይስታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እጄ ይበላኛል፣ ኃላፊያችን ግን «ተያቸው፣ ይችላሉ» ትለኛለች። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ማገዝ ማለት ከእጁ ተቀብሎ መሥራት ነው። እሳቸው ደግሞ ያቺ የቀረቻቸውን አንድ ነገር ከወሰድሽባቸው ቀኑን ሙሉ አያናግሩሽም። መታገስ የተማርኩት እዚያ ነው። አሁን አያቴ ቡናዋን ራሷ ትቆላለች፣ እኔ ከሰሉን አቀጣጥዬ ቁጭ እላለሁ።

ገንዘቡ የኪስ ገንዘብ ነው፣ ደሞዝ ብለሽ አታስቢው። ማደሪያው፣ ምግቡና የጤና መድኅኑ ስለሚሸፈን ለመኖር ይበቃል። ቤተሰብ ልርዳበት ካልሽ ግን አይሆንም። ይሄን ለቤተሰብ ከአሁኑ ተናገሪ፣ ምክንያቱም ጀርመን ነች ሲባል ዘመድ ሁሉ ይጠብቃል፣ አንቺም ስልክ ማንሳት ትፈሪያለሽ።

ብቸኝነቱ አለ፣ አልዋሽሽም። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። እራት ብዙ ጊዜ ዳቦና አይብ ነው፣ ያውም ቀዝቃዛ። «ነይ ቡና ጠጪ» የሚል ጎረቤት የለም፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ሁሉም በቀጠሮ ስለሆነ ነው። እኔን ያዳነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሴሚናሩ፤ ዕድሜሽ ከ27 በታች ከሆነ በዓመት 25 ቀን ሴሚናር አለሽ፣ ከየአገሩ የመጡ ጓደኞቼን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሁለተኛው ጀበናዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአረጋውያኑ አፈላ ነበር። ቡናውን ግን ግቢ ወጥተሽ ቁዪ፣ ክፍል ውስጥ ከሆነ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል!

ጡረተኛ_መምህር

ልጄ፣ ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ። የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች እንደ ፈረንጆቹ ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን እየመጡ በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር። እኔንም ሂሳብ ያስተማረኝ ከእነሱ አንዱ ነው። ገና ልጅ ነበር፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። በጭቃው በእግሩ እየመጣ፣ በተሰባበረ አማርኛ እየተኮላተፈ ያስተምረናል። ስንስቅበት አይቆጣም፣ ቃሉን አርሙልኝ ይለናል። ያኔ እናቱ ምን ትላለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሁን አባት ሆኜ ሳስበው፣ እሷም ልክ እንደ እናትሽ እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። እኔ በዚያ ልጅ ምክንያት ሂሳብ ወድጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሂሳብ አስተማርኩ። የሰው አገር ሽማግሌ መጦር ውርደት አይደለም። እናትሽ የምትጨነቀው ግን ስለምትወድሽ ነውና አትከራከሪያት። አብራችሁ አንብቡት።

ከፈረንጅ_አራዳ

እኔ የሄድኩት ማላዊ ነው፣ በአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም። ከ18 እስከ 35 ዓመት ላሉ የአህጉሩ ወጣቶች ነው፣ ለ12 ወር ወደ ሌላ አፍሪካዊ አገር ይልካል። እዚህ ለሚያነቡ ሌሎች ልጆችም ስለሚጠቅም ነው የማነሳው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

አፍሪካ ስለሆነ ይቀላል ብዬ ነበር። ግን እዚያም እንግዳ ነህ። ንሲማ የሚባል የበቆሎ ገንፎ መሳይ ምግብ አላቸው፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ ያ ብቻ ቤቴን ያስታውሰኝ ነበር። መኪናው ደግሞ በግራ በኩል ስለሚሄድ መንገድ ስሻገር የማየው ሁሌ በተቃራኒው ነበር። ቤት እያለሁ ልብሴን እህቴ ነበረች የምታጥበው። አሁን አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ሰው ሲያስቀይመኝ ሳላኮርፍ እናገራለሁ። እናቴ ይሄን አይታ ታናሽ ወንድሜንም ላከው እያለች ነው።

ደግሞ «ቪዛሽን እኔ ላስጨርስ፣ ይሄን ያህል ክፈይ» የሚል ደላላ ከመጣ አትስሚው። ጥያቄ ካለሽ የተቀበለሽን ድርጅት ራሱን በኢሜይል ጠይቂ።

ቦሳ_ነርስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህር፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጁ አሁን የት ይሆን?» አለች። የኪስ ገንዘቡንም ለአጎቶቼ ነግሬያለሁ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል ግን ተረድተውኛል። የጅሬን ልጅ፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለብርዱ የምለብሰውን ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ?

የጅሬን_ልጅ

ከዚህ ወፍራም ጃኬት አትግዢ፣ ሻንጣሽን ይሞላል፣ ለእነሱ ብርድም አይሆንም። እዚያ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ደህና ጃኬት በርካሽ ታገኛለሽ። በቦታው በርበሬና ሽሮ ያዢ። ለጠዋት ፈረቃ ደግሞ የማያንሸራትት ምቹ ጫማ ይኑርሽ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው።