7/4ን ምን ብዬ ልጥራው?

ሰላም፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። በጀስት ኢንቶኔሽን፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ሬሾ በሚሠራ የሙዚቃ ቅኝት፣ የኢንተርቫሎች (በሁለት ድምፆች መካከል ያለ ርቀት) ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው። 3/2 ላይ ችግር የለም፤ ፐርፌክት ፊፍዝ ነው። 5/4ም ሜጀር ሰርድ ነው፣ 386 ሴንት ገደማ (ሴንት የኦክታቭ 1200ኛ ክፍል ነው)። ግን 81/64ም ሜጀር ሰርድ ይባላል፤ እሱ ደግሞ 408! በመሃላቸው የ81/80 ትንሽ ልዩነት አለ፣ ሲንቶኒክ ኮማ የሚሉት። አከታትዬ ሳጫውታቸው የመጀመሪያው ረግቶ ይቆማል፣ ሁለተኛው ይንቀጠቀጣል። እንዴት አንድ ስም ይጋራሉ? ለጊዜው ሁለተኛውን "ፓይታጎራዊ" ብዬ አለፍኩት።

የባሰው ሬሾው ውስጥ 7 ሲመጣ ነው። 16/9 እና 9/5 ሁለቱም ማይነር ሰቨንዝ ናቸው፣ እሺ። 7/4 ግን 969 ሴንት ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። አንዱ "ሃርሞኒክ ሰቨንዝ" ይለዋል፣ ሌላው "ሴፕቲማል ማይነር ሰቨንዝ"። 11/8ማ ጭራሽ! 551 ሴንት፤ ፎርዝም አይደል፣ ከእሱ ከፍ የሚለው ትራይቶንም አይደል።

ስሙን ትቼ ሬሾውን ብቻ ልጻፍ ብዬም ነበር። አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ "እዚህ ጋ 7/4 ነው" ስለው የምት ምልክት (ታይም ሲግኒቸር) መስሎት ምት መቁጠር ጀመረ።

እና እባካችሁ፣ ስም የሚሰጠው በሴንት ቅርበት ነው ወይስ ሬሾው ውስጥ ባለው ፕራይም ቁጥር? ሁለቱም ሆል ቶን የሚባሉትን 9/8ን እና 10/9ንስ እንዴት ትለያላችሁ?